ክፉ አያሰማዎ

«ነፋሻ» በተባለችው መርከብ ላይ ሱት የሚባለውን ሰፊ የግል ክፍል የያዘ መንገደኛ የሚያገኘው ጥቅም አሥራ ዘጠኝ ነው። ዝርዝሩ በቆዳ በተለበጠች ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ከአልጋው ራስጌ ይቀመጣል። አንደኛው የራስ በረንዳ ነው፤ ከማንም ጋር ሳይጋፉ ባሕሩን የሚያዩበት። ሁለተኛው የግል አሳንሰር ነው። ሦስተኛው ሰባት ዓይነት ትራስ፤ ለስላሳው፣ ጠንካራው፣ ገለባ የተሞላው፣ ምን አለፋችሁ፣ ለአንድ ጭንቅላት ሰባት ትራስ! ሱቁ ለብቻ ይከፈትላቸዋል። ወደብ ላይ ከሰው ሁሉ ቀድመው ይወርዳሉ፤ ወዴት ነው፣ ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። እያለ እያለ ይሄድና አሥራ ዘጠነኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ክፉ አያሰማዎ። በጉዞዎ ወራት ምንም ዓይነት መጥፎ ዜና አይደርስዎትም።»

ሶልያና ሥልጠና ላይ ይህንን የሰማች ዕለት አፏ ቀደማትና «አሜን» አለች። ሠልጣኙ ሁሉ ሳቀ፤ አሠልጣኟ ግን አልሳቀችም።

ዘመኑ 2058 ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ድሬዳዋ ላይ ሽማግሌና ባልቴት አይቀመጥም፤ ሙቀቱ አያስቀምጥማ። አቅም ያለው ቤተሰብ እናት አባቱን በባቡር ጅቡቲ ያወርድና መርከብ ላይ ይጭናል። መርከቧም ወደ ደቡብ፣ ወደ ቀዝቃዛው ባሕር ትወርድና ክረምቱን እዚያው ስትዞር ትከርማለች። መለስተኛ አቅም ያለው ታችኞቹ ፎቆች ላይ ስድስት ስድስት ሆኖ ይተኛል። ልጁ የሰመረለት ሱት ይያዝለታል። ምንም የሌለው ደግሞ አንሶላ በውሃ ነክሮ ይለብስና ከተማው ውስጥ ነሐሴን ይጠብቃል። አንዳንዱ ይደርሳል።

እማማ ፌቨን ልጅ ከሰመረላቸው ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከዚራ ላይ ሠላሳ ዓመት የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራቸው። 914 ቁጥር ሱትን የያዘላቸው ወንዱ ልጃቸው ናሆም ነው፤ አዲስ አበባ ትልቅ ሥራ አለው። ሴቷ ልጃቸው አርሴማ ግን ድሬ ቀርታለች። ባቡር ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ባቡር ደግሞ ሞቀ ብሎ አይቆምም።

የ914 አስተናጋጅ ሶልያና ናት። የመጀመሪያ ቀን በደንቡ መሠረት «እርስዎ» እያለች ስታናግራቸው እማማ ፌቨን ዓይናቸውን አፈጠጡባት።

«የማን አገር ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የድሬ ነኝ እማማ። የሳቢያን።»

«አቦ ተይኝ! የሳቢያን ልጅ ሆነሽ ነው ‹እርስዎ› የምትይኝ? ድሬ ላይ ‹እርስዎ› የሚባለው ባንክ ቤት ብቻ ነው። አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ።»

ከዚያ ወዲያ ኮሪደር ላይ «እርስዎ»፣ በሩ ሲዘጋ «አንቺ» ሆነ። ጠዋት ቁርስ በረንዳው ላይ ይቀርባል። ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት እማማ ፌቨን የሶልያናን ፀጉር ይሠራሉ፤ ሶልያና ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፣ እሳቸው ከኋላዋ ሶፋው ላይ። አስተናጋጅ በእንግዳዋ ፀጉሯን መሠራቷ ይፈቀድ አይፈቀድ መጽሐፏ ላይ አልተጻፈም። «እጄ ሥራ ሲፈታ ያመኛል» ይላሉ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ክፍሉ ሁሉን ይሰማል። ሲሞቃቸው ያቀዘቅዛል፤ ሲከፋቸው ዘፈን ይቀይራል። ሠራተኛ ሱት ውስጥ የማይናገራቸው ስድሳ አንድ ቃላት አሉ፤ ሞት፣ ቀብር፣ ለቅሶ፣ መርዶ እያለ ይቀጥላል። እንግዲህ በአማርኛ እየተናገሩ ሞትን አለመጥራት እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ አስቡት። እማማ ፌቨን ቁርሳቸውን ለሶልያና ሲያጎርሱ «ብዪ እንጂ፣ በሞቴ!» ያሉ እንደሆነ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ክራር ይጀምራል፣ «እማማ ፌቨን፣ ደህና ነዎት?» የሚል ለስላሳ ድምፅ ከግድግዳው ይወጣል። እሳቸውም «ደህና ነኝ፣ አንተ ደግሞ አርፈህ ተቀመጥ» ይሉታል። ቃሉ ከእንግዳ አፍ ሲወጣ ክፍሉ አባብሎ ያልፈዋል። ከሠራተኛ አፍ ከወጣ ግን ሠራተኛው በሚቀጥለው ወደብ ላይ ከነሻንጣው መሬት ነው።

ግንቦት አሥር ቀን ጠዋት ሶልያና የዕለቱን ትእዛዝ ለማየት መዳፏ ላይ የሚበራውን ጽሑፍ ከፈተች። ስንት ትራስ፣ ምን ቁርስ፣ እንደ ወትሮው ነው። ከሥሩ አንድ ነገር ተጨምሯል።

«914። የእንግዳዋ ልጅ ወይዘሪት አርሴማ ግንቦት 9 ቀን ሥራ ላይ በሙቀት ወድቃ አርፋለች። ጥቅም አሥራ ዘጠኝ ይጽና። የቤተሰብ ቃል፦ እናታችን ልቧ ደካማ ነው፤ ስትመለስ እኛው ቤታችን በወጉ እናረዳታለን። ናሆም። ጥሪው ይቀጥላል። ፈገግታ ይጠበቅ።»

በናሆም መፍረድ ይከብዳል። መርዶ በስልክ የሚናገር ምን ዓይነት ሰው ነው? መርዶ ንጋት ላይ ነው፤ ሽማግሌ ቀድሞ፣ የሚደግፍ ሰው ተሰብስቦ። ባሕር መሀል ብቻዋን ለተቀመጠች እናት ልጅሽ ሞተች አይባልም። ናሆም ወጉን የጠበቀ መስሎታል፤ ከእኛ ማናችንም ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። ወጉ ውስጥ ያልነበረው ነገር የመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ሶልያና ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯ ግማሽ ድረስ ተሠርቶ፣ ስልኩ ጠራ።

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ?»

አርሴማ ናት። ያው ሳቅ ያለበት ድምፅ፣ ያው «እማዬ» ስትል ጎተት የምታደርጋት ነገር።

«ደህና አደርኩ እናቴ! ምነው ዛሬ ደግሞ፣ ከትናንት ወዲያ ደውለሽ የለ እንዴ? ሙቀቱ እንዴት ነው?»

«ቀለል ብሏል እማዬ። ትናንት እንዲያውም ነፋስ ነበር። አንቺ ምን በላሽ?»

ትእዛዙ ላይ ‹ጥሪው ይቀጥላል› የተባለው ለካ ይህ ኖሯል፤ በሟቿ ድምፅ የምትደውለው መርከቧ ናት። እማማ ፌቨን በአንድ እጃቸው ስልኩን፣ በሌላው የእሷን ሹሩባ እንደያዙ ሃያ ደቂቃ አወሩ። ዱሮ አርሴማ የምትደውለው በሳምንት አንዴ ነበር፤ እሱንም ቆማ፣ ስለ አለቃዋ እያማረረች፣ «በይ እማዬ ባቡር መጣ» ብላ ሳትሰናበት ትዘጋዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ሲሆን ትደውላለች። አትቸኩልም። አታማርርም።

«አየሻት ልጄን?» ይላሉ እማማ ፌቨን ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «ሰው ይለወጣል እኮ። እኔ አንዳንዴ ረስታኛለች እል ነበር። አሁን ቁርስ ምን እንደበላሁ ሳይቀር ትጠይቀኛለች።»

«ጎበዝ ናት» ትላለች ሶልያና። ሌላ ምን ልትል?

ቀኑን በሆዷ ትቆጥር ጀመር። ሰልስቷ አለፈ። ሰባቷ አለፈ። አርባዋ ሰኔ አሥራ ስምንት ይውላል። መርከቧ ጅቡቲ የምትመለሰው ነሐሴ መጨረሻ ነው። መሀል ላይ ሰው ሊወርድ የሚችልበት አንድ ወደብ ብቻ አለ፤ ሰኔ አሥራ አራት፣ ሞምባሳ። ከሞምባሳ አንድ አውሮፕላንና አንድ ባቡር ነው ድሬ። እዚያ ካልወረዱ እማማ ፌቨን የልጃቸው አርባ አልፎ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ሁሉ አልቅሶ ወጥቶለት ነው የሚደርሱት። ብቻቸውን ከዜሮ ሊጀምሩ ነው።

ታችኞቹ ፎቆች ላይ ጥቅም አሥራ ዘጠኝ የለም። እዚያ ሰው መርዶውን በነፃ ይሰማል። ሰኔ መባቻ ላይ ሶልያና አንሶላ ልታደርስ ወርዳ ሳለ ሁለተኛው ፎቅ የባሏን መርዶ የተረዳች አንዲት ሴት አየች። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነበር፤ የሐረር ሰው፣ የጅጅጋ ሰው፣ የማታውቃቸው ሁሉ፣ አንዷ ወገቧን ይዛ፣ አንዷ ውሃ እያጠጣች፣ ጩኸቱ ብረቱን ሲያንቀጠቅጠው። ሶልያና አንሶላውን እንዳቀፈች ቆማ ቀናች። በሐዘንተኛ ይቀናል? ቀናች።

ሰኔ አሥር ቀን ሱቁ ለእማማ ፌቨን ብቻ ተከፈተ። ለአርሴማ ልብስ ሊገዙ ነው። ብዙ አገላብጠው አንድ ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ አወጡ።

«ቁመናችሁ አንድ ነው፤ እስቲ ልበሺልኝ።»

«እኔ? ኧረ እማማ ይቅር...»

«ምን ይቅር ትያለሽ? ካላየሁት ልኩን በምን አውቃለሁ? ግቢ፣ ግቢ!»

ሶልያና ለብሳው ወጣች። እማማ ፌቨን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እሷን! ቁርጥ እሷን! ባቡሩ ድሬ ሲገባ እዚያው ጣቢያው ላይ ነው የማለብሳት፤ ጓደኞቿ ፊት። ዞር በይ እስቲ። ውይ የኔ ቆንጆ!»

ቀሚሱን ልታወልቅ ገብታ የሶልያና ጣቶች ቁልፉን ሊፈቱ አልቻሉም። ሻጯ ገብታ ፈታችላት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያው ወረደች። የሚተኩሱት ጋሽ ኪሩቤል ናቸው፤ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ መርከብ ላይ ከመምጣታቸው በፊት ለገሃር ሰፈር የእድር ሰብሳቢ የነበሩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዘቢባም ፎጣ ልትወስድ መጥታ እዚያው ነበረች። ሦስቱም የድሬ ሰዎች ስለሆኑ ከሥራ ሲወጡ አይለያዩም።

«ጋሽ ኪሩቤል፣ ልነግራት ነው» አለች ሶልያና።

«ማንን?»

«914ን። የልጇን ነገር።»

ሽማግሌው መተኮሻውን አጠፉት። «ልጄ፣ እንጀራሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ አባቴ የሞተ ጊዜ አዳማ ፈተና ላይ ነበርኩ። ሰባት ሳምንት ደበቁኝ፤ ፈተናው እንዳይበላሽባት ብለው። በሰልስቱ ቀን የጓደኛዬ ልደት ላይ ስጨፍር ነበር። ፎቶውን ለአባቴ ላኩለት። ‹ቆንጆ ነሽ የኔ ልጅ› የሚል መልስ መጣልኝ። አጎቴ ነው የጻፈው፣ በአባቴ ስልክ።»

«ያ ረቢ!» አለች ዘቢባ።

«ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንዳልፍ ብሎ ነው፤ አለፍኩም። ግን ያን ቀን መጨፈሬን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። ይቺ ሴትዮ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ቀን ሙሉ ነው እየሳቀች ያለችው። እኔ ነኝ አብሬያት የምስቀው።»

ጋሽ ኪሩቤል የተኮሱትን አንሶላ አጣጥፈው አስቀመጡ። «መንገሩስ ደግ ነበር። ግን ክፍሉን ምን ታደርጊዋለሽ? አንዲት ቃል ካመለጠችሽ ሐኪም ይጠራል። የመርፌ እንቅልፍ ሰጥተው ነው ሞምባሳን የሚያሳልፏት።»

«ቃል ምን ያደርጋል?» አለች ዘቢባ። «እኔ እናቴን ሳጣ ማን ምን አለኝ? በሩን ስከፍት ጎረቤቶቼ ቆመው አየሁ። በቃ። ሌላ የተናገረኝ የለም።»

«እውነትሽን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሠላሳ ዓመት ሰው አርድቻለሁ። ‹ሞተ› የምትለዋን ቃል አንድ ቀን ጨርሼ ተናግሬያት አላውቅም። አያስጨርሱህም እኮ!»

ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ሰማዩ ገና ሲቀላ፣ ሦስቱ 914 በር ላይ ደረሱ። ጋሽ ኪሩቤል የታጠበ አንሶላ ይዘዋል፣ ዘቢባ የቁርስ ትሪ ይዛለች፤ ክፍሉ የሚያውቀው ሥራ ነው፣ በሩን ከፈተላቸው። ገብተው ትሪውን አስቀመጡ። ከዚያ ጋሽ ኪሩቤል ከአንሶላው አንዱን ዘርግተው እንደ ጋቢ ተከናነቡት። ሶልያናና ዘቢባ ከዩኒፎርማቸው ሥር ያመጡትን ነጠላ አውጥተው ዘቅዝቀው ለበሱ። ጎን ለጎን ቆሙ። ክፍሉ ጨርቅ አየ እንጂ ሌላ ያየው ነገር የለም።

እማማ ፌቨን ዳዊታቸውን በረንዳው ላይ ሲደግሙ ነበር። ኮቴ ሰምተው ዞሩ።

«ምነው በጠዋት ተሰብስባችሁ...»

አልጨረሱትም። ዓይናቸው ከሶልያና ነጠላ ወደ ዘቢባ ነጠላ፣ ከዚያ ሽማግሌው ወደ አቆላለፉት እጅ ሄደ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። እማማ ፌቨን ስንት ደጅ ላይ ራሳቸው እንዲህ ቆመዋል፤ ቤት ሙሉ ሰው አርድተዋል። ዳዊቱ ከእጃቸው ወደቀ፤ ዘቢባ ደርሳ ብብታቸውን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባቻቸው።

«ማነው?» አሉ በሹክሹክታ።

ዝም።

«ናሆም ነው?»

ሦስቱም ንቅንቅ አላሉም።

«እሱ አይደለም። ጌታዬ ይቅር በለኝ፣ ተመስገን። ወንድሜ ነው? የጅጅጋው?»

ንቅንቅ አላሉም። እማማ ፌቨን ግራ ገባቸው። ሞት የመጣበትን ቤት አንድ በአንድ ሲያንኳኩ የሚከፍት አጡ።

«ታዲያ ማን ቀረኝ? አርሴማን እንደሆነ ትናንት አነጋግሬያታለሁ።»

ጋሽ ኪሩቤል አንገታቸውን ደፉ። ዘቢባ ደፋች። ሶልያናም ደፋች።

«ኧረ አነጋግሬያታለሁ!» አሉ እማማ ፌቨን። «ሦስት ሰዓት ላይ፣ ይቺው እዚህ ቁጭ ብላ! በየቀኑ ትደውል የለ እንዴ፣ በየቀኑ...»

ድምፃቸው እዚያች «በየቀኑ» ላይ ቆመ። ለካ ያቺ ቃል ነበረች ያስጠረጠረችው፤ አርሴማ በየቀኑ ደውላ አታውቅም። አፋቸው ሲከፈት ዘቢባ ከአልጋው ላይ ትራስ አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችና ፊታቸውን አስጠጋችው፤ እናት የልጇን ለቅሶ ትራስ ውስጥ ጮኸች። አራቱም ወለሉ ላይ ወድቀው፣ እያንዳንዳቸው ትራስ ነክሰው አለቀሱ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ድሬ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

«እማማ ፌቨን፣ የልብ ምትዎ ከፍ ብሏል» አለ ግድግዳው። «ክፍሉን ላቀዝቅዝልዎ?»

«አቀዝቅዝ» አለች ሶልያና። «ትን ብሏቸው ነው።»

አቀዘቀዘ። ክራር ከፈተላቸው።

ሽማግሌው ከመውጣታቸው በፊት ጆሯቸው ሥር የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ ቀኑን፣ አወዳደቋን፣ አርባውን፣ ሞምባሳን። ሁለት ቀን መቻል አለብሽ አሏቸው። ስልኩን ካላነሱት፣ ካልበሉ፣ ሐኪም ይመጣል። የምግቡን ነገር ዘቢባ ወሰደችው፤ ትሪው ባዶ ሆኖ እንዲመለስ የመጣውን ሁሉ ራሷ በላችው። ስልኩን ግን ማንም ሊያነሳላቸው አይችልም። ሦስት ሰዓት ላይ ጠራ።

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ?»

ሶልያና እጃቸውን ጨብጣ ያዘች።

«ደህና አደርኩ» አሉ። «ደህና አደርኩ እናቴ።»

«ድምፅሽ ምነው? ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?»

«ጉንፋን ነው።»

ሶልያና ቶሎ የሚዘጉት መስሏት ነበር። አልዘጉትም። ስለ ልጅነቷ አነሱባት፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወንበር ሥር አቅፋ ስለምትተኛት አሻንጉሊት፣ ትምህርት ቤት ስለተጣላቻት ልጅ። አርሴማም ሁሉን ታስታውሳለች፤ ትስቃለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ።

በማግስቱ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ስልኩ ፊት ተቀመጡ።

«እማማ፣ ነገ ወደቡ ነው። ልብስሽን ላዘጋጅልሽ?» አለች ሶልያና ዝግ ብላ።

«ብወርድ ስልኩ ምን ይሆናል?»

«ጉዞው ሲያበቃ ያቆማል።»

«ካልወረድኩስ?»

ሶልያና መዋሸት ትችል ነበር። «እስከ ነሐሴ ይደውላል» አለች።

እማማ ፌቨን ባሕሩን አዩ። «በቁሟ ይህን ያህል አልደወለችልኝም» አሉ። «አንድ ቀን እንዲህ አላወራችኝም፤ ጊዜ የላትማ። አሁን ጊዜ አግኝታለች። ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ነው የምወርደው? ከወረድኩ እኮ አፈር ነው ያለው።»

ሶልያና መንገሩን እንጂ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አላሰበችውም ነበር። ወርዳ ጋሽ ኪሩቤልን ጠራቻቸው። ሽማግሌው አንሶላ ሊቀይሩ መጡና አልጋውን እያነጠፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ ክፍሉ ምንም በማያገኝበት ቃል ተናገሩ።

«የማይቀርልሽን እንግዳ ጥርግ አድርገሽ ሳሚው ይባል የለ፣ ፌቨን?»

«አቦ ተወኝ ኪሩቤል።»

«እተውሻለሁ። ግን ሰው እየጠበቀሽ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ድንኳን ሲገባ ሲወጣ ‹እናቷስ?› እያለ ነው። የእሷ ጓደኞች ማንን ይያዙ? ናሆምስ ማን ላይ ይውደቅ? እናት የሌለችበት ድንኳን ምን ድንኳን ነው?»

አንሶላውን አጣጥፈው ወጡ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጠራ እማማ ፌቨን ያነሱት ዘግይተው ነው።

ሰኔ አሥራ አራት ጠዋት ሶልያና ስትገባ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ስልኩ በእጃቸው ነው።

«ያዢኝ» አሉ።

የግል አሳንሰሩ ያለ ማንም አወረዳቸው። የሱት መንገደኛ ናቸውና ሰልፍ የለም፤ በር ላይ ያለው ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ አሳለፋቸው። ከመርከቧ ወደ ወደቡ የሚያወርደው ረጅም ደረጃ ባዶ ነበር። የሞምባሳ ሙቀት ፊታቸውን መታቸው፤ ከታች ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ይመላለሳሉ። ደረጃው መሀል ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ሆነ።

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ?»

እማማ ፌቨን ቆሙ። «ደህና አደርኩ።»

«ዛሬ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ወደ አንቺ ልመጣ ነው።»

«ጎሽ! ደስ ሲል!»

«አርሴማ።»

«ወዬ እማዬ።»

«ልጄ፣ ሞተሻል እኮ።»

«እማዬ፣ አልሰማሁሽም። ምን አልሽኝ?»

«ሞተሻል። ግንቦት ዘጠኝ። እኔ ሳልኖር ቀበሩሽ።»

«አልተሰማኝም እማዬ፣ ነፋስ ነው መሰለኝ። ቁርስ በላሽ?»

እማማ ፌቨን አውራ ጣታቸውን መዝጊያው ላይ አደረጉ። አነሱት። እንደገና አደረጉት። ስልኩ «እማዬ፣ በላሽ ወይ?» ይላል። ዞረው ለሶልያና ዘረጉላት።

«አንቺ ዝጊው» አሉ። «እኔ እናቷ ነኝ። አልችልም።»

ሶልያና ተቀበለች። «እማዬ?» አለ በመዳፏ ውስጥ። «አለሽ? እማዬ?» ዓይኗን ጨፍና ዘጋችው።

እማማ ፌቨን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ፣ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አደረጉ፣ «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ትራስ አልነበረም፣ ግድግዳ አልነበረም። እየጮኹ ደረጃውን ወረዱ፤ ሶልያናም ወገባቸውን ይዛ አብራ ወረደች። ቋንቋቸውን የማያውቁት ሸክመኞች ጆንያቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙላቸው።